ኢንሱሊኑ እኔ ጋ ነው፣ አትደንግጪ

እታለም፣
ፍሪጁን ከፍተሽ ኢንሱሊኔን ስታጪው እሪ እንዳትይ። ይዤው ወደ መዝናኛ ፓርኩ ሄጃለሁ። ከደስታ ብዛት ጫማዬን እንኳ ግራና ቀኙን አቀያይሬ አጥልቄ ነበር።

በፎጣ ጠቅልዬ ምሳ ዕቃሽ ውስጥ ከትቼዋለሁ። (ውስጡ የነበረውን ምግብ ሳህን ላይ ገልብጬዋለሁ፣ አትቆጪ።) በረዶም ጨምሬበታለሁ፤ መድኃኒቱን እንዳይነካው ግን ከፎጣው ውጪ ነው። ባለፈው እንደ ሥጋ ፍሪዘር ውስጥ ከተሽ ያስጣልሽኝን ግን አላነሳብሽም።
አነሳሁት እንዴ?

የደም ስኳር መለኪያዬን፣ ስኳሬን፣ ብስኩቴን ይዣለሁ።

የቸገረኝ አንድ ነገር ነው። ያ ተገልብጦ የሚከንፈው ባቡር ላይ ቦርሳ ይዞ መውጣት ክልክል ነው። ፀሐይ ላይ ብተወው መድኃኒቱ ይበላሻል። ጓደኞቼ ደግሞ ባቡር እያዩ መሬት ላይ የሚቀሩ ዓይነት አይደሉም።

ትናንት ማታ "እኅቴ ነሽ እንጂ እናቴ አይደለሽም፣ አትከተይኝ" ያልኩሽ ነገር...
እሺ፣ እናቴ አይደለሽም።

ስኳር ዕቃው ሥር ሌላ የመግቢያ ትኬት አለ። ቦርሳ ያዥ ስላጣሁ ነው እንጂ ሌላ ነገር እንዳይመስልሽ። ዛሬ ዕረፍትሽ ነው፣ አታመካኚ። ፓርኩ በር ላይ እጠብቅሻለሁ። አንቺ ሳትመጪ ባቡሩ ላይ አልወጣም።

ሳህኑ ላይ ያለውንም በፌስታል ቋጥረሽ ነይ፣ አብረን እንበላዋለን።