የቀኙ ስፖኪዮ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ኃይለየሱስ ሰረቀኝ። ሌላ ስም አልፈልግለትም።

በኮምፒውተር ልጻፍልዎ ብሎ ነበር ደብተሬን የወሰደው። የግሪክ ጠቢባን ስለ እውነትና ስለሚያታልል እይታ ያሉትን በአማርኛ ያብራራሁበትን። አሥራ አንድ ዓመት የደከምኩበትን... ከስምንተኛ ክፍል የወጣሁ ሰው፣ መዝገበ ቃላት ይዤ። አሁን የንግግሩ ማስታወቂያ እኔ ያለሁበት ኦክላንድ ድረስ ደርሷል፦ ቅዳሜ፣ ሳን ሆዜ፣ "ዶክተር ኃይለየሱስ ከራሱ ጥናት ያነባል።"

ሌላው እንደ ወትሮው። ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። ሾርባ ጠጣሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ልጄ ፀዲ ደወለች። "አባዬ፣ ሎየር እንያዝ።" እምቢ አልኩ። ታዲያ ምን ልታደርግ ነው አለች። ሄጄ አዳምጣለሁ አልኳት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

በባቡር ሄድን፣ እኔና ብርነሽ። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት አብረውኝ ከሚያነቡት አምስት ሰዎች አንዷ ናት። አዳራሹ ሙሉ ነው። ከኋላ ተቀመጥን።

ጥሩ አነበበ። የራሴን ዓረፍተ ነገር በሰው አፍ ስሰማ... ኮራሁ። ለምን እዋሻለሁ?

ከዚያ እዚያች ቦታ ደረሰ። "ሃያ ስድስት ዓመት የኤርፖርት ቫን ስነዳ፣ በቀኙ ስፖኪዮ የማየው መኪና ሁልጊዜ ካለበት ርቆ ይታየኝ ነበር።"

ሳያስተውል አነበባት። እሱ ፋርማሲስት ነው።

ብርነሽ እጇን አወጣች። "ዶክተር፣ ቫኑን የነዳኸው ከፋርማሲው በፊት ነው ወይስ በኋላ?"

አዳራሹ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ሳቁ ሳይበርድ ወንጌላዊት የምትባል ተማሪ ተነሳች። "ሚረሩ እንደሚዋሽ ኦልሬዲ እናውቃለን። ታዲያ ዓይናችን ለምን አይታረምም?"

ወረቀቱን አገላበጠ። መልሱን አያገኘውም... እኔ አልጻፍኩትማ።

ተነሳሁ።

"ልጄ፣ መስታወት አይዋሽም። ዓይንም የመጣለትን ያቀብላል እንጂ አይዋሽም። የሚሳሳተው ቸኩሎ የሚፈርደው አእምሮ ነው። እኔ ጡረታ እስክወጣ ያ መኪና ሩቅ ይመስለኝ ነበር። ግን አንድ ቀንም አልገጨሁም። ዕውቀት እንዲህ ነው፤ እይታ ቢያታልልም እጅ አይስትም።"

ደብተሩ የማን ነው ብሎ የጠየቀ የለም። ምን ያደርጋል?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ኃይለየሱስ ሽማግሌ ይዞ ቤቴ መጣ። ሽማግሌ የተባሉት ሁለቱም በዕድሜ ከእኔ ያንሳሉ። አስገባኋቸው።

"ጋሽ አምሐ፣ እኔ ካልተናገርኩት ማንም የሚሰማው አልመሰለኝም" አለ። ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል ያዝኩት። የተሰረቀው ጉልበቴ አይደለም።

ሽማግሌዎቹ ካሳውን ይቁረጡ አሉኝ። ወደ እሱ ዞርኩ።

"የተናገርከው እውነት ነው። ግን አላወቅኸውም። ግሪኮቹ ሁለቱን ለያይተዋቸዋል፤ ደብተሩ ውስጥ አለልህ። እሁድ ና። ከኋላ ተቀመጥ።"

እሁድ፣ ጥቅምት 16

የሚመጡት አምስት ነበሩ። ዛሬ ሃያ ሦስት። ወንጌላዊት ጓደኞቿን ይዛ ከሳን ሆዜ መጣች። ወንበር ከላይ አወረድን።

ኃይለየሱስ ከኋላ ተቀመጠ። ደብተሬን መለሰ፤ የተየበውንም አመጣ። ሽፋኑ ላይ አምሐ ተድላ ይላል። ከስሜ በፊት ምንም ማዕረግ የለም። ጥሩ ነው። የጎደለብኝ የለም።

አንድ ጥያቄ ጠየቀ። ከባድ። አላውቀውም አልኩ፣ ሃያ ሦስት ሰው ፊት። አላፈርኩም።

ስንወጣ ብርነሽ የቫኑን ነገር ልታነሳ አፏን ከፈተች። አየኋት። ተወችው።

እኔም ከዛሬ ወዲያ አላነሳውም። ለፀዲም፣ ለንስሐ አባቴም። እዚህ ማስታወሻዬ ላይም ቢሆን።