ስለ አባቴ ሞትና ስለ አንድ የወፍጮ ሞተር ለእድራችን ሰብሳቢ የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ለክቡር አቶ ሕሩይ፣ የላይ ሰፈር መረዳጃ እድር ሰብሳቢና የባለ አረንጓዴው በር ሆቴል ባለቤት፤
ደባርቅ

እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ ይልቁንም ያ ሲናገር የማይደናቀፈው ምላስዎ ደህና ነውን? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባቴ አቶ ደርቤም እርስዎ መሞታቸውን ከተናገሩ ወዲህ እንኳ ደህና ናቸው። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይሞቃሉ፣ እህልም ይበላሉ፣ ሰላምታም ልከውልዎታል።

ይህን ደብዳቤ ለሁሉ እንዲነበብ የጻፍኩት ውለታዎ በጓዳ ተሸፍኖ እንዳይቀር ብዬ ነው። ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። አባቴ ከዳባት እስከ ደባርቅ፣ ከዚያም በሊማሊሞ ጠመዝማዛ እስከ አዲ አርቃይ ድረስ አንዲት ላንድሮቨር ሲነዱ ያረጁ ሰው ናቸው። ከአምቢኮ በኩል በቃሬዛ መንገድ ዳር የደረሱ ወላዶችን ያመላለሱባት፣ የሰፈራችንን ሬሳም ያለ ኪራይ ቤተ ክርስቲያን ያደረሱባት መኪና ናት፤ የእርስዎን እናት ጨምሮ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ዛሬ የአባቴ ዓይን ደክሟል፣ እግራቸውም አይታዘዝም። የመኪናዋም ሞተር አቀበት ላይ ተቃጥሎ ቆመ። ከዚህ ዓለም የቀራቸው ምኞት መሪውን ይዘው ተቀምጠው ያንን የሞተር ድምፅ እንደገና መስማት ብቻ ነው። ይህን ያህል ትንሽ ምኞት ለመንጠቅ ምን ያህል መድከም እንደሚያስፈልግ ስላሳዩን ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ሞተር ስንፈልግ ስላሳዩን አሳቢነት አመሰግናለሁ። መካኒካችን ደምለው ጎንደር ወርዶ የቶዮታ ሞተር አመጣ፤ ከካምቢዮው ጋር አልገጥም አለ። ሌላ አመጣ፤ እሱ ደግሞ ኮፈኑን አላስዘጋ አለ። ከብዙ ድካም በኋላ አንዱ ገጥሞ ተነሳ፣ አባቴ ግን ጆሯቸውን አዘንብለው አዳመጡትና የሰው ቤት ድምፅ ነው ብለው ፊታቸውን አዞሩ። በዚህ ሁሉ ጊዜ እርስዎ በየእድሩ ስብሰባ የጋሼ ደርቤ መኪና እንዴት ሆነች እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። እኔም ሞኟ ከልብዎ መስሎኝ ሁሉን ዘረገፍኩልዎት። አዲ አርቃይ ያሉት እትዬ በለጠች እህል የሚፈጩበት ሞተር ድሮ ከተገለበጠች ላንድሮቨር የወጣ፣ ከአባቴ መኪና ሞተር ጋር አንድ ዓይነት መሆኑን የነገርኩዎት እኔው ነኝ። የመብራት ወፍጮ ሲተከልላቸው አሮጌውን ለአባቴ ሊሰጡ ቃል መግባታቸውንም አልደበቅኩዎትም፤ የመጀመሪያ ልጃቸውን ሲያምጡ ሊማሊሞን ያወጧቸው አባቴ ነበሩና። ይህን ሲሰሙ ዓይንዎ እንባ አቅርሮ ነበር። የምን እንባ እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ሁለተኛ፣ የመብራቱ ወፍጮ እንደተተከለ እስከ አዲ አርቃይ ድረስ ወርደው ስለደከሙልን አመሰግናለሁ። እትዬ በለጠች ቤት ገብተው፣ ባርኔጣዎን አውልቀው፣ ጋሼ ደርቤ ማረፋቸውን፣ ቀብራቸውም በወግ መፈጸሙን፣ ሞተሩንም እድሩ ለመታሰቢያቸው እንደሚፈልገው ነገሯቸው። የእድር ሰብሳቢ ሞት ሲያረዳ ማን ይጠራጠራል? ሴትዮዋ ደረታቸውን እየደቁ ሞተሩን አስጫኑልዎት። መታሰቢያውም ይኸው በሆቴልዎ በር ላይ ቆሟል፤ ጎማ የሌላት፣ ድንጋይ ላይ የተቀመጠች የላንድሮቨር ቀፎ፣ ውስጧም ዘይቱ ተደፍቶ የብር ቀለም የተቀባ ሞተር። ጭላዳ ለማየት የሚወጡ እንግዶች ኮፈኑን ከፍተው ፎቶ ይነሱበታል። እስከ ትናንት ለአገር እህል ሲፈጭ የኖረን ሞተር ለፎቶ ብሎ ዝም ማሰኘት ጭካኔ ነው ልል ነበር፤ ደብዳቤዬ የምስጋና ነውና ትቼዋለሁ።

ሦስተኛውን ምስጋና የማቀርበው ለመርሳትዎ ነው። ለቅሶ አልደረሰም እያሉ ሰውን በየስብሰባው ሲያስቀጡ የኖሩት እርስዎ፣ መርዶ የሰማ ሰው ለቅሶ እንደሚደርስ ረሱት! እትዬ በለጠች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ለንፍሮ የሚሆን ሽንብራ አስጭነው፣ ዘመዶቻቸውን አስከትለው በሚኒባስ ሊማሊሞን ወጡ። ገና ከመንገዱ ሲወርዱ ወይኔ ጋሼ ደርቤ፣ ወይኔ የወላድ ደራሽ እያሉ ይጮሁ ነበር። አባቴ ደጅ ፀሐይ ይሞቃሉ። ጩኸቱን ሰምተው ከመቀመጫቸው ሳይነሱ፣ እናንተ ሰዎች፣ ማን ሞተብን ብለው ጠየቁ። ሴትዮዋ ድምፃቸውን ሲሰሙ መሬት ላይ ዘፍ አሉ። ያን ቀን ሳቁም ለቅሶውም አንድ ላይ ዋለ፤ አባቴም የራሳቸውን ንፍሮ ዘገን አድርገው ቀመሱና ጨው አንሶታል አሉ።

እንግዶቹ ሲሸኙ ግን አባቴ ሞተሩስ ብለው ጠየቁኝ። የት እንዳለ ነገርኳቸው። ቀኝ እጃቸው ካምቢዮ ፈልጎ ጉልበታቸውን ጨበጠ። ክቡር ሰብሳቢ፣ ያችን እጅ አይቻታለሁ። አልረሳልዎትም፣ ይቅርም አልልዎትም።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምጠይቀው፣ እድሩ በሰብሳቢው አፍ ሞት ካወጀ ደንቡንም እንዲፈጽም ነው። ድንኳኑ ይተከል፣ አግዳሚው ይደርደር፣ ለፋፊያችን ዋሴም ጥሩምባውን ይንፋ። ቦታው ግን የእኛ ግቢ ሊሆን አይችልም፤ እኛ ቤት የሞተ ሰው የለምና። ለቅሶው መታሰቢያቸው በቆመበት በሆቴልዎ በር ላይ ይሆናል። የፊታችን ገበያ ቀን የሰፈሩ ሰው በሬውን ጠምዶ የአባቴን ላንድሮቨር እስከዚያ ሊጎትትልን ተስማምቷል። ሟች ራሳቸው መሪውን ይዘው ይመጣሉ፤ እትዬ በለጠችም ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ከጎናቸው ይቀመጣሉ። እንግዶችዎ ፎቶ ይወዳሉና ደስ እንደሚላቸው አልጠራጠርም። ምን እየተለቀሰ እንደሆነ በቋንቋቸው የሚያስረዳቸውም ሰው አዘጋጅተናል።

ከገበያው ቀን በፊት ሞተሩ ያ ቀለሙ ተፍቆ ደምለው ጋራዥ ከደረሰ ግን ድንኳን አያስፈልግም። ያን ጊዜ አባቴ ሞተራቸውን አስነስተው በደጅዎ በኩል ያልፋሉ፣ እርስዎም ከመስኮትዎ ሆነው ይሰሙታል። ሁለቱም ለእኔ ደስታ ስለሆነ ምርጫውን ለእርስዎ ትቻለሁ።

ለሰው የሚያስቡትን ሁሉ አብዝቶ ለራስዎ እንዲያደርግልዎ ጠዋትና ማታ የምትጸልየው፣
የሟች አቶ ደርቤ ልጅ፣ አባቷን ዛሬም ቁርስ ያበላችው፣
ዘቢደር ደርቤ
ከላይ ሰፈር

በድጋሚ፦ ለአባቴ የውሸት ሞት ከቆላ ድረስ ሰው ሲጎርፍ ያዩ ጎረቤቶች፣ ዋሴ የእርስዎንም ሞት በጥሩምባ ይለፍፍና ማን እንደሚመጣ እንይ ብለው ነበር። ዋሴም እሺ ብሎ ጥሩምባውን አንስቶ ነበር። አባቴ ናቸው የከለከሉት። ተዉት ልጆቼ፣ ድንኳኑ ባዶውን ሲውል ማየት ለእኛም ይከብደናል አሉ።