የመጀመሪያው ሰው እግር

ሰኞ፣ መጋቢት 4

ደረስን። ሰባት ሰዓት መንገድ። ከፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ መንገዱን ሙሉ የተቀቀለ እንቁላል ሲልጥ... ሽታው እስካሁን ልብሴ ላይ አለ። ማደሪያችን አንድ አምፖል፣ ሁለት አልጋ፣ ከአልጋዎቹ የሚበልጥ አንድ በረሮ።

"አባባ፣ ደስ አይልም?" አለችኝ መቃ። የልጄ ልጅ ናት፤ ከቁመቷና ከቅጥነቷ የተነሳ ያወጣሁላት ስም ነው።

"በጣም! በተለይ በረሮው።"

መሥሪያ ቤቷ የዚህን ሸለቆ ተፈጥሮና ታሪክ የሚያስጎበኝ መጽሐፍ አዘጋጂ ብሏታል። ልጄ ደግሞ "አባዬን ብቻውን አልተወውም፣ ቤቱን ያቃጥለዋል" ብላ እንደ ሻንጣ ጫነችኝ። አንዴ ነው ያቃጠልኩት፤ እሱም መጋረጃውን ብቻ።

በወጣትነቴ ከቅየሳ ቡድን ጋር እዚህ መጥቼ ነበር። አርባ ስምንት ዓመት። ምንም አላወቅሁትም። ያ ሁሉ ዛፍ የት ገባ?

ማክሰኞ፣ መጋቢት 5

ሙዚየም ተብዬውን አየን። አንድ ክፍል። መሐሉ ላይ ጭድ የተጠቀጠቀ ቀበሮ፣ አንድ ዓይኑ የሸሚዝ ቁልፍ፣ ጭዱ ከሆዱ የወጣ። አስጎብኚው አፉ አያርፍም፤ መለከት ብዬዋለሁ።

"ይህ ቀበሮ የሺህ ዓመት ዕድሜ አለው" አለ።

"ቁልፉም?" አልኩት። መቃ በክርኗ ጎሰመችኝ።

ከዚያ ገደሉን ስናልፍ ቀና አልኩ። አናቱ አጠገብ፣ ድንጋዩ ውስጥ፣ የቀንድ አውጣ ዛጎል፤ ነጭ፣ ሺህ በሺህ። ያን ያህል ከፍታ ላይ! ይህ ሁሉ ሸለቆ ድሮ ሐይቅ ነበር ማለት ነው... ከመጣሁ ያላስጠላኝ ነገር ይህ ብቻ ነው። መለከት ጀርባውን ሰጥቶት ቆሟል።

"ተራ ነገር ነው አባባ። ነገ ዋናውን ያያሉ።"

ተራ! ከገደሉ ስር ደግሞ ጎብኚ የጣለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ክምር፣ ላዩ ላይ ዝንብ። ቱ!

ረቡዕ፣ መጋቢት 6

ዋናውን አየሁ።

ቦታው ምንጭ ነው፤ ምንጩንና ዙሪያውን ሽቦ አጥረውበታል። ከምንጩ ከፍ ብሎ ግራጫ ጠፍጣፋ ነገር፣ ላዩ ላይ የሰው እግር። መለከት ጉሮሮውን ጠራረገ። "የሸለቆው የመጀመሪያ ሰው ዱካ! ጣቶቹን እዩ። ከጉዞ ብዛት ሁለተኛዋ ጣት አውራ ጣቱ ላይ ወጥታለች። ይህ ቀዳዳ በትሩን የተከለበት ነው።" ሃያ ሰው አፉን ከፈተ። አንዷ ዕንባዋን ጠረገች።

እኔ ጫማዬ ውስጥ ያለችውን ጣቴን አሰብኩ። ታላቋን እንደ ፈረስ የተፈናጠጠችውን።

ድንጋይ አይደለም፣ ሲሚንቶ ነው። ለቅየሳ ምልክት ያፈሰስነው እኛ ነን። ቀዳዳው የብረቱ ካስማ ነበር። አለቃችን "እርጥብ ነው! ማንም እንዳይነካ!" ብሎ ጮኸ። ለምን ይጮሃል? ያኔ ሰው ሲጮህብኝ እግሬ ይበላኝ ነበር። ጫማዬን አውልቄ ግጥም አድርጌ ረገጥኩለት። ቡድኑ በሳቅ ሞተ። አለቃ ሌላ ቦታ እንደ አዲስ አሠራን፣ የተበላሸውን አፈር አለበስነው። ጎርፍ ገልጦት ይሆናል...

ሐሰትና ስንቅ እያደር ይቀላል ያለው ሰው ሲሚንቶ አያውቅም።

ይህን ያህል ዘመን የቆየ ቀልድ ማን አለው? ልስቅ ስል መቃ "ለመጽሐፉ ሽፋን የመረጥኩት ይህን ነው አባባ" አለችኝ። ሳቄን ዋጥኩት።

ሐሙስ፣ መጋቢት 7

አልነገርኳትም።

ከወንዙ ዳገት ላይ አንዲት ሴትዮ አገኘሁ። ስልሳ ዓመት ይሆናታል። ጀሪካን አዝላለች፣ አንድ ጉልበቷ በጨርቅ ታስሯል። ቤቷ ከምንጩ ደጃፍ ነው።

"እህቴ፣ ምንጩ ከአፍንጫሽ ስር እያለ ወንዝ ምን ያወርድሻል?"

"ዱካው እንዳይረገጥ ብለው አጠሩት እኮ ጋሼ። ሦስት ዓመቱ።"

ወንዙን ወርጄ አየሁት። አረንጓዴ አረፋ፣ የተነፋች የሞተች እንቁራሪት፣ ከላይ ከብት ይታጠብበታል። ይህን ነው የምትጠጣው?

ስመለስ እያረፈች ጠበቀችኝ። "ሲሚንቶ ነው ብያቸው ነበር። ውሃውን ያመላለስኩት እኔ ነኝ፣ ልጅ ሆኜ። 'ጃጅታለች' አሉኝ። አንዱ ቀውስ ረግጦ አበላሸው። እንደገና ሲሠሩ ሌላ ስድስት ጊዜ አመላለሱኝ፣ ያውም ዳገት። ጀርባዬ ተላጠ። እነሱ ይስቃሉ።"

ቀውሱ ፊቷ ቆሟል። ጀሪካኑን ልያዝልሽ አልኳት።

"ይተዉ ጋሼ፣ ኋላ እርስዎንም እንዳልሸከም።"

አለቃውን አስታውሳለሁ። ሳቁን አስታውሳለሁ። የአለቃውን ባርኔጣ ሳይቀር። ውሃ ያመጣችውን ልጅ ግን... የለችም። አላየኋትም ነበር።

ዓርብ፣ መጋቢት 8

መለከትን ለመጸየፍ ሞከርኩ፤ አልሆነም። ጣቴን አየኋት። ደደብ ጣት።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 9

ጠዋት ለመቃ ጫማዬን አወለቅሁላት። እግሬን አየች። ከዚያ የራሷን፤ ያቺኑ ጣት ወርሳለች። "ፎቶውን ስድስት ወር ሙሉ ሳየው..." አለችና ተቀመጠች። "ሽፋኑ ማተሚያ ቤት ገብቷል አባባ! አለቃዬ ያባርረኛል!" አለቀሰች። ስለ ሴትዮዋ ነገርኳት፣ ስለ ወንዙ። ፊቷን ታጠበች።

"ተነስ፣ እንሂድ።"

ጎብኚዎቹ ተሰብስበዋል። አጥሩን ተሻግሬ ባዶ እግሬን ዱካው ላይ አሳረፍኩ። ልክክ!

"አባባ ይውረዱ! ይሰበራል!"

"የምሰበረው እኔ ነኝ፤ ይሄ ሲሚንቶ ነው። ዱካውም የኔ ነው!"

መለከት ደነገጠ። ቀጥሎ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ክቡራን ጎብኚዎች፣ የመጀመሪያው ሰው ዘር ዛሬም በመካከላችን አለ!" ጭብጨባ! ከኔ ጋር ፎቶ ለመነሳት ተሰለፉ። አንዱ ሰውዬ ጎንበስ ብሎ ጣቴን ነካ። በሕይወቴ እንዲህ ተጸይፌ አላውቅም። ዕድሜዬን ሙሉ ስዋሽ ያልተጨበጨበልኝ...

መቃ ለካ ሴትዮዋን ጠርታታለች። ሴትዮዋ ዶማ ይዛ መጣች። በምንጩ በኩል ያለውን ጎን ቆፈረች። በሚስማር የተጫረ ጽሑፍ ወጣ፦ የነጥቡ ቁጥርና ዓመቱ። ያኔ ሳይደርቅ በገዛ እጄ የጫርኩት፣ ሰባቷ እንደተንጋደደች።

ጎብኚዎቹ ለማንበብ ተንጠራሩ።

"የመጀመሪያው ሰው መጻፍ ይችል ነበር?" አለ አንድ ወፍራም ጎብኚ።

ሴትዮዋ ቀና አለች። "ቀውሱ እርስዎ ነዎት?"

ቀልድ ፈለግሁ። አልመጣም። "እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።"

"ይቅርታው ይቆየን። መጀመሪያ አጥሩ።"

እሑድ፣ መጋቢት 10

መለከት መጣ። ድምፁ ወርዷል። "ጨረሱኝ እኮ አባባ። ከእንግዲህ ሰው ምን ሊያይ ይመጣል?" ገደሉ ጋ ወሰድኩት። ስለ ሐይቁ የማውቀውን ነገርኩት፤ ብዙ አይደለም። ማስቲካውን ዛጎሎቹ አጠገብ ሊለጥፍ ሲል እጁን መታሁት። ወደ ዛጎሎቹ ጠጋ ብሎ "ዓሣ ነበረው?" አለ።

"ልትጨምርበት ከሆነ ዝም በል።"

"የእውነት ነው የምጠይቀው።"

አላውቅም አልኩት። እሱም አያውቅም። ሁለት ቀጣፊዎች አላውቅም ስንባባል ዋልን።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 12

በምንጩ በኩል ያለው የአጥሩ በር ተከፈተ። ቁልፉ ለካ ሦስት ዓመት ሙሉ መለከት ኪስ ውስጥ ነበር። መቃ ሽፋኑን አስቀየረች፤ ዛጎሎቹ ይሆናሉ። አለቃዋ በስልክ የጮኸባት እኔ ድረስ ተሰማኝ። ትባረር አትባረር ገና አይታወቅም። እኔን ግን መቆጣት ትታለች... ይመስለኛል።

ሴትዮዋ ከምንጩ ቀዳች። ጀሪካኗን አምጥታ ዱካዬ ላይ አስቀመጠች፣ የጉልበቷን ጨርቅ ልታጠብቅ። "ለዕቃ ማስቀመጫስ ይመቻል" አለች። ከዚያ አየችኝ። "ስድስቱን ምልልስ ግን አልረሳሁም።"

ጀሪካኑን አነሳሁ። ከምንጩ እስከ ደጃፏ፣ ግማሽ ግማሽ እየቀዳሁ፣ ስድስት ጊዜ። በአራተኛው ወገቤ ጮኸ። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ "ፈጠን ይበሉ ጋሼ፣ ሲሚንቶው ሊደርቅ ነው!" እያለች ትስቃለች። ትሳቅ።

በስድስተኛው፣ ከሚንጠባጠበው ውሃ የተነሳ መንገዱ ላይ ጭቃ ሆኖ ነበር። ለስላሳ፣ እርጥብ፣ ማንም ያልረገጠው። እግሬን በላኝ።

ዞሬ አለፍኩት።