ከአባባ ስም ሥር ያለችው ባዶ ቦታ

ደብረ ታቦር፣ ጥቅምት ፳፮ ቀን

ይድረስ ለምሳሳልህ ታናሽ ወንድሜ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህ፣ ሥራህ፣ ያ የሚያስቸግርህ ጨጓራህስ እንዴት ነው? የጂንካው ሙቀት አከሳህ ወይስ ተላመድኸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለን። ጉና ውርጩን ልኮብናል፤ ጠዋት ስንወጣ ሣሩ ነጭ ሆኖ ነው የሚጠብቀን። ድንቹን ገና አልቆፈርነውም፣ ዘንድሮ እጅ አጥሮናል።

በእነዚህ ሁለት ሳምንታት ሦስት ጊዜ ደውለህ ስላላነሳሁልህ አትቀየመኝ። ጉንፋን ይዞኝ ድምፄ ተዘግቷል፤ ብታናግረኝ ወንድ መስዬህ ትደነግጣለህ። ደግሞ ለዚህ ጉዳይ ወረቀት ይሻላል ብዬ ነው ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ ብዕር የረሳውን እጄን ያነሳሁት። ፊደሌን አይተህ እንዳትስቅ።

ነሐሴ ላይ «የቤታችንን ዳዊት ለሹማምንት አስረከባችሁት» ብለህ ተቆጥተህ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋኸው። ቂም አልያዝኩብህም። ግን ነገሩ እንዴት እንደሆነ አልሰማኸኝም፣ ልንገርህ።

ከተማው ከገበያው በላይ ያለውን አሮጌ የድንጋይ ቤት አድሶ የቅርስ ቤት ሊያደርገው ነው። ሩት የምትባል ልጅ አለች፣ ከደቡብ መጥታ ዩኒቨርሲቲው የምትሠራ፣ ቀጭን፣ ትሑት። ቤት ለቤት እየዞረች ጋሻውንም በርኖሱንም የድሮውን ፎቶም ትሰበስባለች። ቡሄ በዋለ በሳምንቱ እኛ ቤት መጣች። የአያታችንን ዳዊት ከማኅደሩ ልታወጣ ነጭ ጓንት ስታጠልቅ እናታችን ምን አለቻት መሰለህ?

«አንቺ ልጅ፣ ዳዊቱ እንዳያቆሽሽሽ ነው?»

ልጅቱ አፈረች። «አይ እማማ፣ እኔ እንዳላቆሽሸው ነው።»

«እንግዲያው ታጥበሽ ነይ። እኛ ይኸው በእጃችን ነው እዚህ ያደረስነው» አለቻትና ሁላችንም ሳቅን።

መስጠቱን የወሰነችው እሷው ናት፣ እኔ አይደለሁም። በክረምቱ ጣሪያው አፍስሶ ማኅደሩ ሻግቶ ነበር፤ የብራናውንም ዳር አይጥ ቀምሳዋለች። «ያሉኝ ሁለት ልጆች» አለችኝ፤ «አንዱ በረሃ ወርዷል፣ አንዷ ግዕዝ አታውቅ። የእኔም ዓይን ፈዘዘ። አይጥ ከሚደግመው አገር ይየው።» አንተን ግን አልወቀሰችህም፣ በማርያም። ስልኩን እንደዘጋኸው ሰምታ እንኳ «ተይው፣ ሲያየው ይገባዋል» ነው ያለችው።

አንድ ነገር ብቻ ሩትን ለመነቻት። የመጨረሻውን ቅጠል ገለጠች፤ የሞቱብን ሁሉ በክርስትና ስማቸው የተጻፉበትን ታስታውሰዋለህ። ከአባባ ስም ሥር ያለችውን ባዶ ቦታ በጣቷ ነካ አደረገችና «እዚች ላይ ቁጥራችሁን እንዳትለጥፉብኝ» አለች። ሩት እሺ ብላ ፈረመችና ወሰደችው።

ባለፈው ማክሰኞ እኔ ወደ ቅርስ ቤቱ ሄድኩ። የሚጻፍ አንድ ስም ነበረኝ። የኔታ ባንተአምላክ ቀለማቸውንና የመቃ ብዕራቸውን ይዘው ተከተሉኝ። የማን ስም ነው ብለህ አትጠይቀኝ፤ ዘመድ መቼ ጠፍቶን።

ሩት እንቢ አለችኝ። «እትዬ ያለምወርቅ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ቅርስ ሆኖ ከተመዘገበ በኋላ የቀለም ጠብታ አይነካውም።»

የኔታ ተቆጡ። «ልጄ፣ ይህ መጽሐፍ ገና እየተናገረ ነው የመጣልሽ። አፉን ዘግታችሁ ነው የምታስጎበኙት?»

«አባቴ፣ ዛሬ ለእሳቸው ብፈቅድ ነገ ሁሉም እየመጣ ይጽፍበታል» አለች። እውነቷን ነው። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩና ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። ያኔ ነው መሰለኝ ልብሴን ልብ ብላ ያየችው። አጠገቤ መጥታ በሹክሹክታ «ማን ናቸው?» አለችኝ። ነገርኳት።

ጓንቷን አወለቀች። በባዶ እጇ እጄን ይዛ አለቀሰች፣ የሰው አገር ልጅ። ከዚያ የሣጥኑን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ትታ «ምሳ ልበላ ነው» ብላ ወጣች። የት በላች! በመስኮቱ አይቻታለሁ፣ ደጁ ላይ ቆማ ትጠብቅልን ነበር።

የኔታ ጻፉት። ፊደላቸው ቀጥ ብሎ ከአባባ ስም ሥር አረፈ። ቦታዋ ለአንድ ስም ልክ ነበረች፣ አልተረፈችም።

አሁን የጨነቀኝ ሌላ ነው። ሩት ዳዊቱን ቅጠል በቅጠል ፎቶ አንስታዋለች። የትም ያለ የደብረ ታቦር ልጅ እንዲያየው ኢንተርኔት ላይ ሊለቀቅ ነው። አንተ ደግሞ ስልክ ከእጅህ አይለይም። ያንን የክርስትና ስም ሌላ ሰው ቢያየው አያውቀውም፤ አንተ ግን ታውቀዋለህ። የመጨረሻዋን ቅጠል እንድታስቀርልኝ ለመንኳት። «እስከ ኅዳር ሚካኤል አቆይልዎታለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ግን አለቆቼ ይጠይቁኛል» አለችኝ።

ስለዚህ ፈቃድ ጠይቅና ከሚካኤል በፊት ና። ፎቶ ቢልኩልህም አትክፈት። እኔ አጠገብህ ሆኜ፣ ይዤህ ነው የምታነበው።

ስትመጣም በቀጥታ ወደ ቤት እንዳትገባ። አጎታችን ጋ እደር፣ በማለዳ እነሱ ይዘውህ ይመጣሉ። ለምን አትበለኝ፤ ቤታችን እንግዳ በዝቶበት ነው። ይህን ወረቀት የሚሰጥህን ሾፌሩን ደረጄንም ምንም አትጠይቀው። አፉ ዝም ይላል፣ ዓይኑን ግን አላምነውም።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። የተጀመረልህ ጋቢ አለ አይደል? ፈትሉ ግማሽ ላይ ቆሞ አገኘሁትና እንዝርቱን አንስቼ እኔ ቀጠልኩት። የእኔ ክር ወፍራም ነው፣ ይበጣጠስብኛልም። ሸማኔው ይሻው «ሁለት ሰው እንደፈተለው ያስታውቃል» አለኝ። ያስታውቅ አልኩት።

አጎታችን፣ የኔታ፣ ጎረቤታችን ወርቅነሽ፣ ሩትም ሳታውቅህ ሰላም ብለውሃል። መንገዱን ኢየሱስ ያቅናልህ፣ ክፉ አይይህ፣ ልብህን እመቤቴ ታጽናልህ። ጋቢው እስኪደርስልህ ብርዱ አይንካህ።

አዝላ ያሳደገችህ ታላቅ እህትህ