ያልሰረዝኳቸው መስመሮች

ግሪንስ ኮቭ፣ ኒውፋውንድላንድ
ፌብሩዋሪ 9፣ 2023

አንቺ ልጅ፣ ሮክሳን፤

እንደምን ከርመሻል? የአልበርታ ብርድ ከኛ ይብሳል ሲሉ ሰማሁ፤ ደራርበሽ ልበሺ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ያልኩት ለወጉ አይደለም፤ አልታመምኩም፣ ሆስፒታልም አልገባሁም። ባለፈው ሳምንት በስሜ የደረሰሽን ኢሜይል የጻፍኩት እኔ አይደለሁም። «የሆስፒታል ፎቶዬን እዪ» የሚለውን ሊንክ አደራሽን አትንኪው፤ ፓስወርድሽን ሊሰርቁበት ነው።

እኔንም የሸወዱኝ እንዲሁ ነው። አንድ ጠዋት «የኢሜይል ሳጥንዎ ሞልቷል፤ ዛሬውኑ ፓስወርድዎን ካላስገቡ ያለው ሁሉ ይጠፋል» የሚል መልእክት መጣ። ሳጥኑ ውስጥ የእናትሽ የመጨረሻው በጋ ፎቶዎች አሉ፤ አንቺ የላክሻቸው። ሌላ ቦታ የሉኝም። ደነገጥኩና አስገባሁ። ባሕር ላይ ዕድሜዬን ስፈጅ «ቶሎ በል፣ ቶሎ በል» የሚለኝን ሰው ሰምቼ መልሕቅ አንስቼ አላውቅም፤ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ግን ተታለልኩ። በኋላ አክስትሽ ቨርና ስታየው የላኪው አድራሻ የኢሜይል ኩባንያው እንኳ አልነበረም። ስሜንም አያውቀውም፤ «ውድ ደንበኛ» ነው የሚለኝ።

ከዚያ ወዲህ ከገዛ ቤቴ እንደተባረርኩ ነኝ። ሌባው ፓስወርዱን ቀይሮ ውስጥ ተቀምጧል፣ እኔ ደጅ ቀርቻለሁ። ለማውቀው ሰው ሁሉ በስሜ ይጽፋል። አዲስ ኢሜይል ከፍቼ «እውነተኛው እኔ ነኝ» ብል የሚያምነኝ ጠፋ። ጎረቤቴ ገርቲ ደግሞ ለበሽተኛው ብላ የአተር ሾርባ ይዛ መጣች።

«ሆስፒታል ተኝቻለሁ ብለህ አልጻፍክልኝም?» አለችኝ ከላይ እስከ ታች እያየችኝ።

«እኔ አልጻፍኩም።»

«እሱንማ ጠርጥሬያለሁ። ‹እባክሽ› የሚል ቃል ነበረበት።»

አንቺ ግን አመንሽ። ለቨርና በላክሽው መልእክት «አባባ ጻፈልኝ እኮ፤ የአውሮፕላን ቲኬት እየፈለግኩ ነው» ማለትሽን አነበበችልኝ። ለእኔም መልስ ልከሻል አሉ። ያነበበው ሌባው ነው፤ እኔ አላየሁትም። ጀልባዬን በመሸጤ ከተኳረፍን ወዲህ የመጀመሪያው ቃልሽ እሱ እጅ ገባ፤ ይሄ ነው ያንገበገበኝ።

ቨርናን ቁጥርሽን ስጪኝ ብዬ ለመንኳት።

«እንዳልሰጥህ አስምላኛለች» አለች። «ሊንኩን እንዳትነካ ነግሬያታለሁ፤ ከአባትሽ ደብዳቤ ይመጣልሻል ብያታለሁ። የቀረውን አንተው ጻፍ።»

«ምን ብዬ?»

«አልጻፍኩልሽም ብለህ ነዋ! ደፋር አይደለህ?»

ይኸው ወረቀቱ ላይ ተቀምጫለሁ። ዝም ካልኩ ሌባው በሌላ መልእክት ይዘርፍሻል። ከተናገርኩ ደግሞ ሻንጣሽን መልሰሽ ትፈቺያለሽ። ወዲህ ብል ወዲያ ብል መውጫ የለኝም። ቲኬቱን ገዝተሽ እንደሆነ አልጠይቅሽም።

የሌባውን ደብዳቤ ቨርና አትማ ሰጠችኝ። «የኔ ውድ ልጅ» ብሎ ይጀምራል። እኔ እንዲህ ብዬሽ አላውቅም፤ በዚህ ብቻ እንኳ ልትነቂበት ይገባ ነበር። እስክሪብቶ አነሳሁና ውሸቱን መሰረዝ ጀመርኩ። ሆስፒታሉን ሰረዝኩ። ሊንኩን ሰረዝኩ። «ናፍቀሽኛል» የሚለው ላይ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ። «ነይ» የሚለውም እንዳለ ነው። ወረቀቱን ከዚህ ጋር አድርጌዋለሁ፤ የተሰረዘው የሌባው ነው።

ቨርና እንደምትለው፣ ከእንግዲህ በማንም ሰው ስም እንዲህ ያለ መልእክት ሲደርስሽ፣ መልስ ከመስጠትሽ በፊት ለራሱ ለሰውየው ደውለሽ መጠየቅ ነው። መልእክቱ ላይ በተጻፈው ቁጥር አይደለም፤ ከድሮ በምታውቂው። የቤታችን ስልክ አንቺ ስትወለጂ የነበረው ነው፣ አልተቀየረም። አሁንም ወጥ ቤት መስኮቱ ስር ነው፤ ወንበሬን እዚያው አዙሬዋለሁ።

ይህን ደብዳቤም ቢሆን ዝም ብለሽ አትመኚው። እውነት አባባ ነው ወይ ብለሽ ደውለሽ አጣሪ።

እግዚአብሔር ከክፉ ሰው ዓይን ይሰውርሽ፤ መንገድሽን ያቅናልሽ።

አባትሽ
አምብሮዝ