አንድ ቦታ፣ ሁለት ሣጥን

ይድረስ ለእህት ዓለሜ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? የእማዬ ጉልበትስ ተሻላት? ልጆቹስ እንዴት ከረሙ? እኔ ደህና ነኝ፤ ግራ የገባው ጭንቅላቴ ብቻ ነው።

ከባለቤትሽ ጋር ሆድና ጀርባ መሆናችንን ሳትሰሚ አትቀሪም። ዓሣችንን የምናስቀምጥበትን ማቀዝቀዣ ቤት ታውቂዋለሽ፤ ሁለት በር አለው። በፊት በር እኔ፣ በኋላ በር እሱ እንቀበላለን። አሁን በቤቱ ውስጥ የስንት ሣጥን ቦታ እንደቀረ የሚያሳይ ስክሪን በየበሩ ተገጥሟል።

ባለፈው ሐሙስ ስክሪኔ አንድ ቦታ ቀርቷል አለኝ። ወዲያው ለዓሣ አጥማጁ ደውዬ አምጣ አልኩት። ሣጥኑን ተሸክመን ስንደርስ በሩ ሞልቷል ብሎ አልከፈት አለ። ዞሬ ብሄድ ባለቤትሽ የራሱን ሣጥን አስገብቶ እጁን ይጠርጋል። ቦታዬን ወሰድክ ብለው፣ ስምህን ጽፈህበት ነበር እንዴ፣ እኔም እኮ አንድ ቦታ አይቼ ነው ሰው የጠራሁት አለኝ። ውሸታም አልኩት፤ ያውም በገበያተኛ ፊት። ዓሣው ፀሐይ ላይ ተበላሸ፤ እሱም ከዚያ ወዲህ ዘጋኝ።

ማሽኑ ተበላሽቷል ብዬ ጠጋኙን አስመጣሁ። ምንም አልሆነም፣ ሁለታችሁም ያያችሁት እውነት ነው አለኝ። ታዲያ ማን ዋሸ ብለው፣ ማንም፤ ቁጥሩ ባየኸው ሰዓት የነበረውን ይነግርሃል እንጂ እስክትመጣ ቦታ አይዝልህም ብሎ ሳቀብኝ።

ይኸው እስካሁን አልዋጥልኝ ብሏል። እውነተኛ ቁጥር እንዴት ሰው ያጣላል? ለሥራው መላ አላጣሁም፤ ስክሪን አይቼ ሰው መጥራት ትቻለሁ። ሣጥኑን ይዤ በሩን እሞክራለሁ፤ እንቢ ካለኝ በረዶ የሞላ በርሜል አዘጋጅቻለሁ። ለባለቤትሽ ግን በርሜል የለኝም።

ዛሬ ጠዋት ይቅርታ ልለው በስተቀኝ ዞሬ ወደ ኋላ በር ሄድኩ። የለም። ተሸካሚዎቹ አንተን ፍለጋ በስተግራ ወደ ፊት በር ሄዷል አሉኝ። ስሮጥ ተመለስኩ፤ እዚያ ያሉት ደግሞ አጥቶህ ተመለሰ አሉኝ። እንደገና ብመጣ ደግሞ የለም። ተሸካሚዎቹ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። አሁን በእሱ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ይህን እጽፍልሻለሁ። እስኪመጣ አልነሳም።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ትልቋን በርቺ በያት፤ ትንሹን ጉንጩን ቆንጥጪልኝ። ለጎረቤትሽ ለልብስ ሰፊዋም ሰላምታዬን አድርሺ።

ወንድምሽ

ከኋላ በር፣ ሰኔ 4 ቀን