በዓይን ታይታ «ብቁ» ስለተባለችው የሬኮርድ ክፍላችን ኮምፒውተር

ይድረስ ለክቡር ኦቦ ሂርጳ
የትምህርት ቤቶች ኮምፒውተር ማሻሻያ ግብረ ኃይል ሰብሳቢ
አምቦ

ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

እጅግ የማከብርዎ ኦቦ ሂርጳ፣ እንደምን ሰነበቱ? እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በቢሮዎ ያለው አዲሱ ኮምፒውተርም ደኅና እንድትሆኑ ከልቤ እመኛለሁ። በጌዶ በኩል ያለነው፣ ከትምህርት ቤታችን የሬኮርድ ክፍል ኮምፒውተር በስተቀር፣ ሁላችንም በሕይወት አለን።

እኔ ኡርጌ ደቻሳ እባላለሁ። በዚህ ክፍል የተማሪ ውጤት ስመዘግብ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ተማሪዎቹ አዴ ኡርጌ ይሉኛል፤ እርስዎ ግን በደብዳቤዎ «የሚመለከተው ባለሙያ» ስላሉኝ በዚያው ቢቀጥሉም ቅር አይለኝም። ይህን በአደባባይ መጻፌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ፤ በግል የላክሁልዎትን ሦስት ደብዳቤዎች ጆሮ ዳባ ልበስ ስላሏቸው ነው።

ከሁሉ በፊት በመስከረም ወር ለላኩልን ሰርኩላር አመሰግናለሁ። የዊንዶውስ አሥር ድጋፍ ስለሚያበቃ ኮምፒውተሮች ሁሉ ወደ ዊንዶውስ አሥራ አንድ እንዲያድጉ፣ ለዚህም ቢያንስ አራት ጊጋ ባይት ራም፣ ስልሳ አራት ጊጋ ባይት ማከማቻ፣ የቅርብ ጊዜ ፕሮሰሰርና ቲፒኤም የሚባል የደኅንነት ቺፕ እንደሚያስፈልግ ጥርት ባለ ቋንቋ ተጽፎ ነበር። የእኛዋ ራሟ ሁለት ጊጋ ባይት ብቻ ነው፤ ቺፑም የላትም። ይህን ለመረዳት ለእኔ አምስት ደቂቃ በቅቶኛል። የፈረሙበት እርስዎ ግን ሳያነቡት መፈረምዎን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። እንግዲህ ቅሬታዎቼን በሥርዓቱ በቁጥር ላቅርብ።

1. መስከረም 20 ቀን ግብረ ኃይልዎ ለምርመራ ሲመጣ ጌዶ ላይ መብራት አልነበረም። ያልበራ ኮምፒውተር እንዴት ይመረመራል ብዬ በትሕትና ብጠይቅ፣ ከሰዓት በኋላ ባኮ ስለምንጠበቅ ጊዜ የለንም ተባልሁ፤ እርስዎም ራስዎ እየተዘዋወሩ ኮምፒውተሮቹን በዓይን መመርመር ጀመሩ። የእኔዋ በሰፋሁላት ጨርቅ ተሸፍና፣ በየጠዋቱ ተወልውላ የምትውል ናትና «ይህችማ አዲስ ናት» ብለው «ብቁ» የሚል ወረቀት አስለጠፉባት። የቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ደግሞ ስምንት ጊጋ ባይት ራም ያለው፣ ከተገዛ ሦስት ዓመት ያልሞላው ሆኖ ሳለ፣ አቧራ ስለለበሰ ብቻ «ብቁ ያልሆነ» ተብሎ በፒካፕ ተጭኖ ሄደ። ወይ ጉድ! ጌዶ ገበያ ላይ እኮ በሬ የሚገዛ ሰው የበሬውን አፍ ከፍቶ ጥርሱን ያያል። ከእንግዲህ ንብረቴን እንዳልወለውል ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ።

2. ጥቅምት 11 ቀን የላኩት ባለሙያ ፍላሹን ሰክቶ ዊንዶውስ አሥራ አንድን መጫን ሲጀምር፣ ኮምፒውተሯ ራሷ መስፈርቱን እንደማታሟላ በስክሪኗ ላይ ጽፋ ተናገረች። በዚያ ቀን በዚያ ክፍል ውስጥ ሰርኩላርዎን ያከበረች እሷ ብቻ ነበረች። ባለሙያው ግን ማለፊያ ዘዴ አለው ብሎ አለፈው። ፋይሎቹን እስክገለብጥ ግማሽ ቀን ይታገሠኝ ብዬ ብለምን ወደ እርስዎ ደወለ፤ እርስዎም ሪፖርቱ መቶ በመቶ ሆኖ ዛሬውኑ መግባት አለበት ስላሉት፣ የዘጠኝ ዓመት የተማሪ ውጤት ዓይኔ እያየ ተጠረገ። የወረቀት ሮስተሩስ እንዳይሉኝ፣ አምና በራስዎ «ወረቀት አልባ ቢሮ» ዘመቻ ተሰብስቦ ተወግዷል። ዛሬ ኮምፒውተሯ ለመነሳት አርባ ደቂቃ ይፈጅባታል፤ ከተነሳችም በኋላ ሁለት ነገር ሳትከፍት ድርቅ ትላለች። የእኔም ጥፋት አለበት፤ አልደብቀውም። ያን ዕለት ከወንበሬ ተነሺ ስባል መነሳት አልነበረብኝም። ይህ እስካሁን አንጀቴን ያሳርረዋል።

3. ጣቢታ ጉዴን አያውቋትም። አባቷ ከከተማው ወጣ ብሎ ያርሳል፤ እሷ ግን አዋላጅ ነርስ ለመሆን በአምቦ ከሚገኝ የጤና ኮሌጅ ተቀባይነት አግኝታለች። ኮሌጁ የሚፈልገው ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያለውን ትራንስክሪፕቷን ነው፤ ምዝገባውም ኅዳር 12 ቀን፣ ዓርብ ይዘጋል። ወረቀቷን ልትወስድ የመጣች ዕለት ስሟን ከኮምፒውተሯ ውስጥ አጣሁት። ከዚያ ወዲያ ልጅቷና እኔ ያስተማሯትን መምህራን ቤት ለቤት ስናስስ ሁለት ሳምንት ሆነን። መምህር ምትኩ ወደ ባኮ ተዛውረው ስለነበር እዚያው ድረስ ሄድን፤ ከልብሳቸው ሣጥን ሥር የፊዚክስ ማርክ ሊስታቸውን አውጥተው ሰጡን። የአራት ዓመት ውጤቷን በዚህ መልክ ለቅመን፣ በእጄ ገለበጥሁት፤ መምህራኑ ፈረሙበት፣ ርዕሰ መምህሩም ማኅተም አደረጉበት። ሌሎች ሠላሳ ተማሪዎች ከኋላዋ ወረፋ ይዘዋል።

4. ኮሌጁ በእጅ የተጻፈውን የሚቀበለው፣ መረጃው በማሻሻያው ሥራ መጥፋቱን እርስዎ በአንዲት መስመር አረጋግጠው ከፈረሙ ብቻ ነው። ቢሮዎ ደግሞ ጥያቄው በአዲሱ ሲስተም ፎርም ካልተሞላ አይስተናገድም አለን፤ ፎርሙ ዊንዶውስ አሥራ አንድ በተጫነበት የትምህርት ቤት ኮምፒውተር ብቻ ይከፈታል፤ ይህን የጫናችሁበት ያለን ኮምፒውተር አንድ ነው፤ እሱም ፎርሙን ሳያሳየኝ ይደርቃል። ኦቦ ሂርጳ፣ እዚህ ላይ ትሕትናዬ አለቀ። አንዲት ልጅ አራት ዓመት ሙሉ ጭቃና ፀሐይ ሳይበግራት በእግሯ ተመላልሳ የተማረችውን በአንድ ከሰዓት አጥፍታችሁ፣ መጥፋቱን ለማመን እንኳ ፎርም ትጠይቃላችሁ! ደሜ ፈልቷል፤ ብልዎትም አላፍርም።

ስለዚህ የምለምንዎት አዲስ ኮምፒውተር አይደለም፤ የቤተ መጻሕፍቱን መልሱልንም አልልም። እስክሪብቶ አንስተው እስከ ዓርብ አንዲት ፊርማ ይፈርሙ። ለዚህ ራምም ቺፕም አያስፈልግም።

በዓይንዎ ብቻ የማሽን ሆድ ዕቃ ለሚያነብበው ብቃትዎ፣ ከመቶ በታች ለማያውቀው ሪፖርትዎ የላቀ አድናቆቴን እየገለጽሁ፣ መልካም ጤንነትና የማይጠፋ መብራት የምመኝልዎ፣

ኡርጌ ደቻሳ
የሚመለከተው ባለሙያ፣ ጌዶ

ግልባጭ
ለትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ
ለወላጆች ኮሚቴ
ማንበብ ለሚችል ሁሉ

ተጨማሪ፣ ኅዳር 15 ቀን፦ ይህን ደብዳቤ ከመለጠፌ በፊት አንድ ዕድል ልስጥዎ ብዬ ማክሰኞ በእጄ አምቦ ድረስ ይዤው መጣሁ። ጸሐፊዎ በእጅ የተጻፈ አንቀበልም ብላ መለሰችኝ። ምዝገባው ዓርብ ተዘጋ። ጣቢታ ዛሬ ጠዋት ውጤቱን ልትጠይቅ ስትመጣ ፊቷን ማየት አቃተኝና፣ ኦቦ ሂርጳ ፈርመውልሽ ነበር፣ ወረቀቱ መንገድ ላይ ዘግይቶ ነው ብዬ ዋሸኋት፤ በአሥራ ሰባት ዓመት ሥራዬ የሰጠሁት የመጀመሪያ ሐሰተኛ መረጃ ይህ ነው። አለቀሰችና፣ ስለ ቅንነትዎ «ገለቶማ» ብዬ ምስጋናዋን እንዳደርስላት ለመነችኝ፤ ይኸው አድርሻለሁ። ይህ ደብዳቤ ነገ ጠዋት ሰሌዳው ላይ ይለጠፋል፤ እሷም ታነበዋለች። እስከዚያ ድረስ በጌዶ አንዲት ልጅ ታመሰግንዎታለችና፣ ጊዜው አጭር ነው፣ ይደሰቱበት።